እርካብ እንደ ጋላቢው ልክ
ቁመታቸው አጠር ላሉ የሞተር ብስክሌት ነጂዎች ስለሚደረግ ርዳታ

መንዝ፥ ግሼና መርሐቤቴ ደጋቸው ሰፊ፥ ገደላቸው ጥልቅ ነው። ከመሐል ሜዳ አምባ ውርጭ እስከ ጀማ ሸለቆ ሙቀት ድረስ ያለውን አገር በቀድሞው ዘመን ሹሙም ካህኑም ነጋዴውም በበቅሎ ይሻገረው ነበር። ዛሬ ግን የግብርና ባለሙያ ከወረዳው ከተማ ወደ ቀበሌ የሚወጣው ብዙ ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው።

በበቅሎ ጉዞ የእርካቡ ማንጠልጠያ ለረጅሙ ይረዝማል፥ ለአጭሩ ያጥራል፤ መውጣት የተቸገረም ከድንጋይ ላይ ቆሞ ይወጣል። ሞተር ብስክሌት ግን ከፋብሪካ በወጣበት ልክ ለሁሉም እኩል ይታደላል። ስለዚህ ቁመቱ አጠር ያለ ባለሙያ፥ ይልቁንም ሴት ባለሙያ፥ በሚሄድበት ጊዜ ሳይሆን በሚቆምበት ጊዜ ይቸገራል። ሞተሩ ሲሮጥ ሚዛኑን ራሱ ይጠብቃል፤ ሲቆም ግን ክብደቱ ሁሉ በነጂው እግር ላይ ይሆናል። እግር መሬት ካጣ ብረቱ ከነጭነቱ ይወድቃል። ይህን የፈራ ባለሙያ ሩቁን ቀበሌ መጎብኘት ይተዋል፤ ጉዳቱም በመጨረሻ ምክር በጊዜው ላልደረሰው ገበሬ ይተርፋል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ትምህርት ነው፤ ወጪም የለውም። ሁለቱም እግሮች መሬት መርገጥ አያስፈልጋቸውም፤ የአንዱ እግር ፊተኛ መዳፍ ይበቃል። ነጂው ሳይቆም አስቀድሞ ማርሹን ወደ አንደኛ ያወርዳል፤ ወገቡን በመቀመጫው ላይ ጥቂት ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ግራ እግሩን ሲያወርድ ቀኝ እግሩን ከኋላው ፍሬን አያነሣም። መንገዱ ወደ ጎን ያዘነበለ እንደሆነ እግር የሚወርደው ከፍ ባለው ወገን ነው፤ ከፍ ያለው በስተቀኝ ከሆነ ቀኝ እግር ወርዶ ፊተኛው ፍሬን በእጅ ይያዛል። ከሁሉ በፊት ግን የሚቆምበትን ስፍራ ዓይኑ ይምረጥ። በክረምት ጭቃ፥ በቦይ ዳርና በሚንከባለል ጠጠር ላይ ረጅም እግርም ቢሆን ያዳልጣል።

ሁለተኛው መቀመጫው ነው። የልብስ ስፌትና የቆዳ ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ ሽፋኑን ገልጦ ከስፖንጁ እስከ 3 ሴንቲሜትር ሊቀንስና መልሶ ሊሰፋው ይችላል። ከዚህም ይልቅ የመቀመጫውን የፊት ጠርዝ በግራና በቀኝ ማጥበብ ይጠቅማል፤ ሰፊ መቀመጫ ጭኑን ስለሚከፍተው እግሩ ቀጥ ብሎ እንዳይወርድ ያደርጋልና። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማም የራሱን ድርሻ ይጨምራል።

ሦስተኛው የኋላው ሞላ ነው። ነጂው ሲቀመጥ ሞላው ይሟሽሻል፤ ክብደቱ የቀለለ ሰው ግን በቂ አያሟሽሸውም። በብዙ ሞተሮች ላይ የሞላው ጥብቀት በቁልፍ የሚስተካከል ስለሆነ ለቀላል ነጂ ይላላል። ሁለት ሰው ወይም የዘር ከረጢት በሚጫንበት ጊዜ ግን መልሶ መጥበቅ አለበት።

ሞተሩን ራሱን ከሥር ዝቅ ማድረግ ግን በዚህ አገር መጨረሻ የሚታሰብ ነው። ሆዱ ወደ መሬት የቀረበ ሞተር በመንዝ ድንጋያማ መንገድ ላይ ይላተማል። ኋላው ብቻ ዝቅ ያለ እንደሆነ የመሪው ጠባይ ይለወጣል። የጎን ማቆሚያውም ካላጠረ ሞተሩ በጣም ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በነፋስ ይወድቃል። ስለዚህ መቀመጫ ይቀነስ እንጂ የሆድ ከፍታ አይቀነስ።

በግዥም ጊዜ የመቀመጫው ከፍታ ይጠየቅ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሆንዳ ሲአርኤፍ 250ኤል ለገጠር መንገድ የተሠራ ሲሆን መቀመጫው 87.5 ሴንቲሜትር ነው፤ ሆንዳ ሬበል 500 ግን 69 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሁለተኛው ሆዱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ለአስፋልት እንጂ ለዳገትና ለድንጋይ አልታሰበም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው ሆንዳ ሱፐር ካብ ደግሞ እግርን በመቀመጫው ላይ ሳያሻግሩ ከመሐሉ አልፎ መቀመጥ እንዲቻል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ በዓለም ሁሉ ተወደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የተሠራው ቍጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። እንግዲህ ሞተርን ለሰው ልክ ማድረግ የድካም ምልክት ሳይሆን የብልህ ሠሪ ሥራ ነው።

ጭነትም ይታሰብበት። ከነጂው በስተኋላ ከፍ ብሎ የተጫነ ማዳበሪያ በቆመ ጊዜ ሞተሩን ይገለብጣል፤ በሁለት ከረጢት ተከፍሎ በግራና በቀኝ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ይሻላል።

ሞተር ብስክሌት የሚያድል የወረዳ ሹም ከፊርማው በፊት ሦስት ነገር ይመልከት፤ ነጂው በሞተሩ ላይ ተቀምጦ እግሩ መሬት መንካቱን፥ በሜዳና በዳገት ላይ ቆሞ መነሣት መለማመዱን፥ መቀመጫውና ሞላው ለእርሱ መስተካከላቸውን። ቁመቱ አጠረ ተብሎ ባለሙያ ከሥራው የሚከለከልበት ምክንያት የለም፤ የሚጎድለው የጥቂት ሰዓት ትምህርትና የአንድ ቀን ስፌት ነው።