ዘጠኝ ወር የሚያዝ እንግዳ

በሀብሩ ገጠር አንዲት ሴት ስትገላገል፣ የሕፃኑ ልቅሶ ተሰምቶ እልልታው ከቀለጠ በኋላም ልባቸው የማይረጋ ሴቶች አሉ። «እንግዴ ልጁስ ወረደ?» ይላሉ። ካልወረደ ደም እንደሚፈስ፣ ደሙም እናቲቱን ሊወስዳት እንደሚችል ያውቃሉ። እንግዴ ልጁ የሚታሰበው ግን ሥራውን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ የሴቲቱን አካል ሲያዝ የኖረው እሱ መሆኑ ብዙም አይነሣም።

እንግዴ ልጅ ግማሽ ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ ክብና ጠፍጣፋ፣ ደም የጠገበ አካል ነው። ምግብና ኦክስጅን ከእናት ወደ ልጅ ያሻግራል። ሆርሞንም ያመርታል። ሆርሞን በደም ተጉዞ ሩቅ ላለ አካል ትእዛዝ የሚያደርስ መልእክተኛ ነው።

የመጀመሪያው መልእክተኛ ኤች ሲ ጂ ይባላል። ጽንሱ በማሕፀን ግድግዳ ላይ እንደተተከለ፣ እንግዴ ልጁ ገና ቅርጽ ሳይዝ ወደ ደሟ ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየሁለት ሦስት ቀኑ እጥፍ ይሆናል። ወልድያም ሆነ መርሳ ለእርግዝና ሽንት ሲመረመር የሚፈለገው እሱ ነው። እንቁላሉ የወጣበትን የእንቁልጢ ክፍል ፕሮጄስትሮን ማምረቱን እንዳያቋርጥ ያዘዋል፤ ቢያቋርጥ የወር አበባ ይመጣና ጽንሱ ይጠፋል። እስከ አሥረኛው ሳምንት ገደማ እንግዴ ልጁ ሥራውን ራሱ ይረከባል።

ፕሮጄስትሮን ማሕፀኑ ያለጊዜው እንዳይኮማተር ያረጋጋል። የአንጀትንና የጨጓራ አፍን ጡንቻ ግን አብሮ ያላላል፤ የእርጉዟ ቃርና ድርቀት ከዚህ ይመጣል። ኤስትሮጅን ደግሞ ማሕፀኑን ያሳድጋል፣ ጡትን ያዘጋጃል። እንግዴ ልጁ ይህን ሆርሞን ብቻውን መሥራት አይችልም፤ ጥሬ ዕቃውን ከእናቲቱና ከጽንሱ ኩላሊት በላይ ካሉት ዕጢዎች ይቀበላል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፤ ያልተወለደ ልጅ፣ ከእናቱ ጋር ሆኖ፣ የእናቱን ሆርሞን ይሠራል።

የሚቆላ ቡና ሽታ ሲነሣ አቅለሽልሿት ወደ ውጭ የምትሮጠዋን እርጉዝ «ቅብጠት ነው» የሚሏት አሉ። በዚህ ፍርድ ብዙ ሴቶች ተበድለዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ለማቅለሽለሹ ዋነኛ ምክንያት ጂ ዲ ኤፍ 15 የተባለ፣ አብዛኛው ከጽንሱና ከእንግዴ ልጁ የሚመነጭ ሆርሞን መሆኑን አሳይቷል። ከእርግዝና በፊት በደማቸው ጥቂት የነበራቸው ሴቶች ድንገት ሲበዛባቸው ይብስባቸዋል። ምንም የሚረጋላት የጠፋ፣ ሽንቷ የቀነሰ ሴት በፍጥነት ሕክምና ያስፈልጋታል።

እንግዴ ልጁ የእናቲቱን ስኳርም ይነካል። ልጁ ግሉኮስ እንዳያጣ የኢንሱሊንን ጉልበት የሚያዳክሙ ሆርሞኖች ይልካል፤ የእናቲቱ ቆሽት ካልተቋቋመው የእርግዝና ስኳር ይከተላል። ለዚህ ነው ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት የሚደረገው። የአንገት ዕጢዋም ከወትሮው አብልጦ ሆርሞን ማምረት አለበት፤ ለዚህ አዮዲን ይፈልጋል። እንቅርት በሚታይበት ደጋ አገራችን አዮዲን ያለው ጨው ለእርጉዝ ግዴታ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር፤ ሙቀት አዮዲኑን ይቀንሰዋልና።

እንግዴ ልጁ ሲወርድ ፕሮጄስትሮንና ኤስትሮጅን በጥቂት ቀናት ውስጥ ያሽቆለቁላሉ። ወተቱን አግዶት የኖረው ፕሮጄስትሮን ነበርና፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጡቷ ያጋታል። እስከዚያ እንገሩ ለሕፃኑ ይበቃዋል፤ አይጣል። በመጀመሪያው ሰዓት መጥባቱም ኦክሲቶሲን የተባለውን ሆርሞን ይቀሰቅሳል፤ ማሕፀኑ ይኮማተራል፣ ደሙም ይቀንሳል።

ሆርሞኑ እንዲህ ሲወርድ የብዙ አራሶች ስሜትም አብሮ ይወርዳል። ገንፎው ቀርቦ፣ ቤቱ ሞልቶ፣ እሷ ታለቅሳለች። በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ዱበርቲ የሚባሉት ሴቶች ለእርጉዟ ቡና አፍልተው ዱዓ ያደርጋሉ፤ በክርስቲያኑም ቤት ምጥ ሲይዛት ማርያም ትጠራለች፤ አራስን ብቻዋን አለመተው የሁሉም ልማድ ነው። ይህ ልማድ እንዳይቀር እለምናለሁ። ልቅሶው ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም ራሷን ወይም ልጇን ስለመጉዳት ከተናገረች ግን ቀን ሳትቆጥሩ ጤና ጣቢያ ይዛችኋት ሂዱ።