ክንፍ ያለው ፈረስ፦ ትንንሽ ልጆቻችን ሲስሉ ምን እንላቸዋለን?

በዛሬው የቤተሰብ ዝግጅታችን በየቤታችን በየዕለቱ ስለሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልብ ስለማንለው ጉዳይ እንነጋገራለን። እርሱም ትንንሽ ልጆቻችን በእርሳስ፣ በጠመኔ፣ ሲብስም በከሰል ግድግዳ ላይ ስለሚስሉት ሥዕልና እኛ ወላጆች ስለምንሰጣቸው ምላሽ ነው።

የአራት ዓመት ልጅ ወረቀት ይዞ ይመጣና «እማዬ፣ እዪልኝ!» ይላል። ወረቀቱ ላይ አንድ ትልቅ ክብ አለ፤ ከክቡ ሥር ሁለት ረጃጅም መስመሮች ወርደዋል። ይህ ሰው መሆኑ ነው። ብዙዎቻችን ከሦስቱ አንዱን እናደርጋለን። ሥራ ይዘን ከሆነ ሳናይ «ጎበዝ» ብለን እናልፋለን፤ ወይም «ሰው እንዲህ ነው እንዴ? ሆዱ የታል?» ብለን እናርማለን፤ አለያም ለጎረቤት እያሳየን እንስቅበታለን። በሦስቱም ልጁ ሊነግረን የመጣውን ሳይነግረን ይመለሳል።

ለመሆኑ ሆዱን ለምን ተወው? «ሆድህ የት ነው?» ብንለው ወዲያው በጣቱ ያሳየናል። ሥዕል ግን እንደ ንግግር ቀስ በቀስ የሚመጣ ነገር ነው። ልጅ ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ጀምሮ ይጫጭራል። ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ መስመሩን አዙሮ ክብ ይዘጋል። ከዚያ ክቡ ፊት ይሆንና እግር ያወጣል። ሆድ፣ እጅና ልብስ እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ድረስ ይጨመራሉ። ከታች የመሬት፣ ከላይ የሰማይ መስመር የሚሰመረውም በዚሁ ዕድሜ አካባቢ ነው። ጊዜው ከልጅ ልጅ ስለሚለያይ የጎረቤት ልጅ ቀደመ ብለን አንጨነቅ።

ፈረንሳዊው ዦርዥ ኦንሪ ሉኬ በ1927 እ.ኤ.አ. ስለ ልጆች ሥዕል ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትንሽ ልጅ ዓይኑ ከሚያየው ይልቅ የሚያውቀውን እንደሚስል አስረድቷል። ለዚህም ነው ልጅ የሳለው ቤት ግድግዳው እንደ መስተዋት ሆኖ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የሚታዩት፤ የነፍሰ ጡር እናት ሆድ ውስጥ ያለው ሕፃንም ከነዓይኑ የሚሳለው። ቪክቶር ሎዌንፌልድም በ1947 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ልጆች ትልቅ ቦታ የሚሰጡትን ነገር አግዝፈው እንደሚስሉ ጽፏል። ለዒድ አል-አድሓ የተገዛው በግ ከቤቱ በልጦ ቢሳል አይግረመን፤ በዚያ ሰሞን በልጁ ልብ ውስጥ ከበጉ የሚበልጥ ነገር ላይኖር ይችላል።

ውድ አድማጮቻችን፣ በዚህ ጉዳይ ከነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት የምናገኘው ትምህርት አለ። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከዘመቻ ሲመለሱ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠውና የእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አሻንጉሊቶች ታዩ። ምን እንደሆኑ ጠየቋት፤ ልጆቼ ናቸው አለቻቸው። በመካከላቸው ከጨርቅ የተሠራ ክንፍ ያለው ፈረስ አዩና በላዩ ያለው ምን እንደሆነ ደግመው ጠየቁ። ክንፍ መሆኑን ነገረቻቸው። ፈረስ ክንፍ ይኖረዋል ወይ ሲሏት፣ የነቢዩ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ብላ መለሰች። እርሳቸውም የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

እስቲ እናስተውል። መጀመሪያ ጠየቁ፤ ቀጥሎ ስለ ክንፉ ለይተው ጠየቁ፤ ምክንያቷን ሰሙ፤ በመጨረሻም በደስታ ሳቁ። ክንፍ የሰጠችውን ፈረስ ውሸት ነው አላሏትም። ውሸት ሰውን ለማሳሳት የሚነገር ነው፤ የልጅ ምናብ ግን ጨዋታ ነው።

«ታዲያ ሥዕል እንዴት ይፈቀዳል?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ነፍስ ያላቸውን ነገሮች መሳልን በተመለከተ ዑለማዎች ጥብቅ አቋም እንዳላቸው እናውቃለን። ብዙዎቹ ደግሞ ከዚህና መሰል ሐዲሶች ተነስተው የልጆች መጫወቻን ለይተው አይተዋል። ዝርዝሩን ከምናምናቸው ዓሊሞች እንጠይቅ። ጥብቁን አስተያየት የምንከተል ብንሆን እንኳ ልጁን በለስላሳ ቃል ወደ ቤት፣ ተራራና መስጂድ ሥዕል መምራት እንችላለን። ወረቀቱን ፊቱ ላይ መቅደድ ግን ልጁን ከማሸማቀቅ በቀር ሃይማኖቱን አያስተምረውም።

በተግባር ምን እናድርግ? አንደኛ፣ «ንገረኝ እስቲ፣ እዚህ ምን እየሆነ ነው?» እንበል። ሁለተኛ፣ እርሳሱን ነጥቀን አናስተካክልለት። ሦስተኛ፣ ግድግዳ ላይ ከሳለ «ግድግዳ ላይ አይሳልም» ብለን ያለቀ ደብተር ወይም የካርቶን ቁራጭ እንስጠው። አራተኛ፣ ከወረቀቱ ጀርባ ቀኑንና ልጁ ያለውን ቃል ጽፈን እናስቀምጥ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለን። በአንድ ሥዕል ብቻ ልጅ ላይ አንፍረድ። ሁሉን በጥቁር የሳለው ከእጁ የገባው እስክሪብቶ ጥቁር ስለሆነ ሊሆን ይችላል። እናቱ ለሥራ ዓረብ አገር የሄደችበት ልጅ ቤተሰቡን ሲስል እናቱን ከቤቱ ውጭ ሊያደርጋት፣ ወይም በስልክ ውስጥ ሊስላት ይችላል። ትርጉሙን እኛ ከምንገምት እርሱ ይንገረን፤ ናፍቆቱንም ያኔ እንሰማለን። የሚያስፈራ ነገር ደጋግሞ እየሳለ እንቅልፉ ከተረበሸ፣ መብላት ካቆመ ወይም ካቆመ በኋላ እንደገና አልጋ ላይ መሽናት ከጀመረ ግን በእርጋታ እናነጋግረው፤ ወደ ጤና ባለሙያም እንውሰደው።

የአራት ዓመት ልጅ ስለ ፈረሱ ክንፍ ሲናገር የሰማው ካገኘ፣ ቤቱ የልቡን የሚነግርበት ቦታ መሆኑን ይማራል። በአሥራ አራት ዓመቱ የሚያስጨንቅ ነገር ሲገጥመው ወደ ማን እንደሚሄድ የሚወስነው አንዱ ነገር ይህ ነው። ዛሬ ማታ ወረቀት ይዞ ሲመጣ የያዝነውን ሥራ ለአፍታ እናስቀምጥለት።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን።