የጾመኛ አፍ በኳስ ሜዳ

ኳስ ማየትም ሆነ ክለብ መደገፍ ነውር የለበትም። ነውሩ ጭፈራው ወደ ስድብ ሲለወጥ፣ ስድቡም የሰው ዘርና እምነት ሲነካ ነው። የደጋፊዎች ጠብ የት እንደሚያደርስ ሰሜን ወሎ አይታዋለች። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያና መቀለ ከተማ ወልድያ ላይ ሊጫወቱ በነበረበት ጊዜ በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይካሄድ ቀረ።

ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 ሕዝብ በሕዝብ እንዳይሳለቅ፣ በመጥፎ ስምም እንዳይጠራራ ይከለክላል። በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 108 ደግሞ ሌሎች የሚያመልኩትን እንዳንሰድብ ያዝዘናል፤ እነርሱም በአጸፋው ባለማወቅ አላህን እንዳይሰድቡ። በኳስ ሜዳም እንዲሁ ነው፤ ከአንዱ ጥግ የተወረወረ ስድብ ከሌላው ጥግ ብሶ ይመለሳል።

እዚህ ኩልመስክ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለሠርግም ለለቅሶም አብረን እንቀመጣለን። ልጃችን በጭፈራ መሐል እምነቱን የሚሰድብበት ሰው ነገ ለቅሶ የሚደርሰን ጎረቤት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾመኛ ሲሰደብ ጾመኛ መሆኑን ተናግሮ እንዲያልፍ አስተምረዋል። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከኢፍጣር በኋላ ኳስ ሊያዩ ሲወጡ ይህን አስታውሷቸው። ስድብ ሲዜም አብሮ አለመጮህ፣ አጠገብ ያለውንም ጓደኛ «ተው» ማለት ከጾሙ ነው።