መምህር የሚሆን ሰው ስለ ምን ሥነ ልቡና ይማራል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በፍኖተ ሰላም በምኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ በመምህራን ኮሌጅ የሚማር አንድ ወጣት ነበረ። ወላጆቹ በቡሬ ገጠር በበቆሎና በበርበሬ እርሻ የሚተዳደሩ ናቸው። አንድ ምሽት ደብተሩን አቅፎ መጣና «ጋሼ፥ ነገ ፈተና አለብኝ፤ በቃሌ ስለው ይስሙልኝ» አለኝ። ተቀብዬ ብመለከት የሥነ ልቡና ትምህርት ኖሯል። ወጣቱም ፒያዤ የተባለው የስዊስ ሊቅ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት በ4 ደረጃ እንደ ከፈለ፥ የየደረጃውንም ስምና ዕድሜ፥ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው ሳይደናቀፍ ወረደው። ደስ አለኝ። ነገር ግን ደብተሩን አጥፌ «የእኅትህ ልጅ አምስት ዓመቱ አይደለምን? እርሱ በየትኛው ደረጃ ላይ ነው? በምንስ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው ዝም አለ።

በዚያ ጊዜ የኔታ ትዝ አሉኝ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የገባ ሰው እንደሚያስታውሰው ሕፃን በመጀመሪያ ሀሁን በስንደዶ እየጠቆመ ይቈጥራል። ጥቂት ወር ከቆየ በኋላ ግን ጣቱ «ለ» ላይ ሳለ አፉ «ሐ» ላይ ይደርሳል። ይህ ልጅ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀም። አቡጊዳ የሚያጋልጠው ይህን ነው። ከአ ግዕዙን፥ ከበ ካዕቡን፥ ከገ ሣልሱን፥ ከደ ራብዑን፥ ከሀ ኃምሱን፥ ከወ ሳድሱን፥ ከዘ ሳብዑን እየወሰደ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብሎ ስለሚጀምር ተርታውን ብቻ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል። እኔም ተይዣለሁ፤ የኔታም ወደ ሀሁ መልሰውኛል።

«እንግዲህ» አልሁት ለወጣቱ፥ «አንተ የፒያዤን ሀሁ አውቀሃል፤ አቡጊዳው ይቀርሃል።»

የ5 ዓመት ሴት ልጄን ጠራኋት። በሁለት እኩል ብርጭቆ እኩል ውሃ ቀድቼ «የትኛው ይበልጣል?» ስላት «እኩል ናቸው» አለች። ከዚያ በዐይኗ ፊት የአንዱን ብርጭቆ ውሃ በቀጭን ረጅም ጠርሙስ ገለበጥሁት። አሁንስ ብላት «የጠርሙሱ ይበልጣል» አለች። የ9 ዓመት ወንድሟ ሣቀባትና «ያው ውሃ አይደለም እንዴ! ብትመልሺው እኩል ነው» አላት። እርስዋም ተቈጥታ «ዐይን የለህም?» ብላ መለሰችለት።

ክቡራን አንባብያን፥ ይህን በየቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ወጪው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ብቻ ነው። ልጅቱ አልሰነፈችም፥ አልዋሸችምም። የከፍታውን መጨመር አይታለች፤ የስፋቱን መቀነስ ከዚያ ጋራ አጣምራ ለመያዝ ግን ገና ነች፤ ውሃውንም በሐሳቧ ወደ ብርጭቆው መመለስ አልጀመረችም። ይህ ችሎታ በብዙ ልጆች ዘንድ በ7 ዓመት ግድም እንደሚመጣ ፒያዤ አስተምሯል፤ አገራችንም ልጅን አንደኛ ክፍል የምታስገባው በዚሁ ዕድሜ ነው። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች የጥያቄው አቀራረብ ሲለወጥ ቀድመው የሚመልሱ ልጆች እንዳሉ ስላሳዩ ዕድሜው የብረት አጥር አይደለም። ስለዚህም በአንድ ወንበር ከተቀመጡ ሁለት ሕፃናት አንዱ ደርሶ አንዱ ገና ሊሆን ይችላል። ላልደረሰው 3ና 5፥ 5ና 3 አንድ መሆናቸውን በሰሌዳ ጽፎ ከመጮኽ የበቆሎ ፍሬ በመዳፉ አስይዞ ማስቈጠር ይሻላል።

ሩሲያዊው ቪጎትስኪ ደግሞ ሕፃን ዛሬ በሌላው እርዳታ የሚሠራውን ነገ ብቻውን እንደሚሠራው ጽፏል። ይህን ሳነብ አልተደነቅሁም፤ በየኔታ ደጃፍ ዳዊት ደጋሚው ፊደል ቈጣሪውን ሲያስቈጥር አድጌአለሁና።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጀማሪ መምህር ሳለሁ፥ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፥ አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ ነበረ። ቁመቱ ረጅም ስለ ነበረ ከኋላ ወንበር አስቀመጥሁት። ስጠራው ዝም ይላል፤ ሲመልስም ያልጠየቅሁትን ይመልሳል። ንቀት መሰለኝ። በልምጭ መታሁት፤ በጓደኞቹም ፊት ደደብ ብዬ ሰደብሁት። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ሳይመጣ ቀረ። እናቱን ገበያ ላይ አግኝቼ ምክንያቱን ብጠይቃቸው «ጆሮው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይመግላል፤ ከቅርብ ካልሆነ አይሰማም። እርስዎ ያወቁ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ልጁ ከብት ጠባቂ ሆኖ ቀረ፤ ብለምናቸውም አልተመለሰም።

እንዳልማር ሆኜ ቢሆን ኖሮ ምክንያት ባገኘሁ ነበር። ነገር ግን ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ተምሬአለሁ። መስማት የሚቸግረው ልጅ ሲጠሩት እንደማይዞር፥ የተናጋሪውን አፍ ትክ ብሎ እንደሚያይ፥ ያልተጠየቀውን እንደሚመልስ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ልጁ ከፊቴ በተቀመጠ ጊዜ ግን ያን የጻፍሁትን አላየሁበትም። ከዚያ ወዲህ በምዝገባ ቀን ወላጅን ስለ ልጁ ጆሮና ዐይን ሳልጠይቅ አላለፍሁም፤ ወላጅም ሳይጠየቅ ቢነግረን መልካም ነው፤ መምህሩ ያውቃል ብሎ መተው አይገባም።

ለመምህራን ሥነ ልቡናንና ሥነ ትምህርትን ማስተማር ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በባሕር ዳር በ1960ዎቹ አጋማሽ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት፥ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ ተቋቁሞ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም ከፖሊቴክኒኩ ጋራ ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የፍኖተ ሰላም፥ የደብረ ማርቆስ፥ የጎንደርና የደሴ ኮሌጆችም የአንደኛ ደረጃ መምህራንን ሲያሠለጥኑ ኖረዋል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በወጣው ማሻሻያ እጩ መምህሩ ከኮሌጅ እየወጣ በትምህርት ቤት ልጆችን እንዲመለከትና እንዲያስተምር «ፕራክቲከም» የተባለው ልምምድ ሰፋ ያለ ቦታ ተሰጠው። በእኔ ሐሳብ የሥልጠናው አቡጊዳ ይህ ነው። አንዳንዱ እጩ ግን ፊርማ ብቻ ሰብስቦ ይመለሳል።

የእኛ ተከራይ ተራው ደርሶ በወጣ በሳምንቱ ማታ መጣ። በዚህ ጊዜ ደብተር አልያዘም።

«ጋሼ፥ አንዲት ልጅ አለች። ከሰሌዳው አትገለብጥም፤ ሁልጊዜ ከጎረቤቷ ደብተር ነው የምትጽፈው። ኩረጃ የለመደች ናት ይሏታል።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ምንም አላልሁ። ዛሬ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጥኋት። የጎረቤቷን ደብተር ሳታይ ጻፈች።»

«ለወላጆቿ ነገርሃቸው?»

«ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ነገ ከትምህርት በኋላ አብሬያት እሄዳለሁ» አለና ፋኖሱን እንዳውሰው ጠየቀኝ።