ይህ ክር ሐር ነው?



በዚህ ሴሚስተር በጨርቃ ጨርቅ ኮርሳችን የእጅ ጥልፍ እየተማርን ነው። የተግባር ሥራችን ለዒድ እንዲደርስ ብለን በወንዶች ጀለቢያ አንገት ላይ ለመጥለፍ ተስማማን። ክሩን የሸጠልን ነጋዴ «ንጹሕ ሐር ነው» አለን። ከመካከላችን አንዷ እህት «ታዲያ ወንድሞቻችን ሊለብሱት ይችላሉ?» ስትል ሁላችንም መርፌያችንን አስቀመጥን።

መጀመሪያ ስለ ሥራው እንንገራችሁ። ጥለትና ጥልፍ ይለያያሉ። ጥለት ሸማኔው ጨርቁን ሲሠራ አብሮ የሚሸመን ነው፤ ጥልፍ ግን ባለቀ ጨርቅ ላይ በመርፌ የሚጨመር ጌጥ ነው። ለአንገቱ የመረጥነው ሁለት ዓይነት ስፌት ነው። ለመስመሩ የሰንሰለት ስፌት፦ መርፌው በወጣበት ቀዳዳ መልሶ ይገባና ክሩ ቀለበት ይሠራል፤ ከዚያ ትንሽ ወደፊት ርቆ በቀለበቱ ውስጥ ይወጣል። የመጨረሻው ቀለበት በትንሽ ስፌት ካልታሰረ መስመሩ በሙሉ ይተረተራል። አበባና ቅጠሉን ለመሙላት ደግሞ ሳቲን ስፌት፦ ክሮቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተኛሉ። በጣም ከረዘሙ ግን ይላላሉ፣ በቁልፍና በጥፍርም ይያዛሉ። በሁለቱም ክሩን አጥብቀን ከሳብነው ጨርቁ ይጨማደዳል።

አሁን ወደ ጥያቄው። ሐር ለሴቶች የተፈቀደ፣ ለወንዶች የተከለከለ ነው። ሆኖም ዑመር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሁለት፣ የሦስት ወይም የአራት ጣት ስፋት ያህሉን ከክልከላው ለይተዋል። ስለዚህ የልብስ ጌጥ ሐር ቢሆን እንኳ ስፋቱ ይታያል። ክልከላው ደግሞ ትሉ የሚሠራውን ሐር እንጂ፣ እንደ ሐር የሚያብረቀርቀውን ፖሊስተር ወይም ሬዮን አይመለከትም።

ታዲያ በምን እንለያቸው? ጣት የምታህል ክር በወረንጦ ይዘን፣ ውሃ አጠገባችን አስቀምጠን አቃጠልን። ሐር ሲቃጠል የፀጉር ሽታ አለው፤ ጥቁር አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ሬዮን እንደ ወረቀት ነድዶ ስስ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጥና ሲበርድ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። የእኛው ክር ዶቃ ሆነ።

አልሐምዱሊላህ፣ ጥልፉን ቀጠልን። አንድ ነገር ግን ቀረን፦ በሐር ዋጋ ፖሊስተር ገዝተናል። ያወጣነውን ለመመለስ ስንል እኛም «የሐር ጥልፍ» ብለን ብንሸጥ የተደረገብንን በወንድሞቻችን ላይ መድገም ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጀለቢያ ላይ «ጥልፉ ፖሊስተር ነው» የሚል ወረቀት አያይዘናል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ አድርገናል።

የሚያጠራጥራችሁ ክር ካለ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ይዛችሁልን ኑ፤ አብረን እንፈትሸዋለን። ሐር ሆኖ ከአራት ጣት ከሰፋ ግን ጥያቄው የኡስታዞቻችን ነው። ኢንሻአላህ ለዒድ ያገናኘን!