ሁለት በር ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች

ማትሪክ ተፈትኖ በትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ዩኒቨርሲቲ የገባ ወላጅ፣ የጎንደር ልጅ ጅማ፣ የሐዋሳው ባሕር ዳር ቢደርሰው አይገርመውም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ማለት የአገር ዩኒቨርሲቲ ነዋ! አሜሪካ ውስጥ ግን የመንግሥት የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች የፌዴራሉ ሳይሆኑ የየስቴቱ ናቸው። በጀት የሚቆርጥላቸው የስቴቱ ምክር ቤት ነው፤ ምክር ቤቱን የመረጠው ግብር ከፋይ ደግሞ “መጀመሪያ የእኔ ልጅ” ይላል። ኢን ስቴት እና አውት ኦፍ ስቴት የሚባለው ልዩነት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ከስቴቱ ውጭ የመጣ ተማሪ ክፍያው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት እጥፍ መሆኑን ሁሉም ሰምቷል። የመግቢያ ዕድሉም የተለየ መሆኑን ግን ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ማመልከቻው ከገባ በኋላ ነው።

ቻፕል ሂል ያለው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ከአዲስ ገቢዎቹ መካከል ከስቴቱ ውጭ የሚመጡት ከ18 በመቶ እንዳይበልጡ ደንብ አለ። አመልካቹ ግን ከውጭ ይበዛል። ስለዚህ በቅርብ ዓመታት ካመለከቱት የስቴቱ ልጆች ከአሥሩ አራት ያህሉን ሲቀበል፣ ከሌሎቹ የሚቀበለው ከአሥሩ አንድ ገደማ ነው። በድረ ገጽ አንድ ተደርጎ የሚወጣው አማካይ ቁጥር ታዲያ ለማንም አይሠራም፤ የአገሬውን ልጅ ያለ ነገር ያስፈራል፣ የውጭውን በከንቱ ያጽናናል።

ቴክሳስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው ሕግ፣ በትምህርት ቤቱ ከፍተኛውን 10 በመቶ ደረጃ የያዘ የስቴቱ ተማሪ ወደ ስቴቱ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገባ ፈቀደ። ኦስቲን ያለው ዩኒቨርሲቲ በዚህ መንገድ በሚገቡት ስለተጨናነቀ መስፈርቱ ለእርሱ ብቻ ጠብቋል። ከሌላ ስቴት የመጣ ልጅ በክፍሉ አንደኛ ቢወጣም ይህ መብት የለውም።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው ማለት ግን አይደለም። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ከሌላ ስቴት የሚመጡትን በስኮላርሺፕ ጭምር ይጠራል፤ ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ የስቴቱ ኦዲተር በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበለጠ የሚከፍሉትን ከስቴቱ ውጭ የሚመጡ ተማሪዎች በመቀበል የስቴቱን ልጆች ጎድቷል ሲል ወቀሰ። በዓመቱ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ ገደብ አበጀ። በእኔ እምነት ጭቅጭቁ ሁሉ ከአገር ልጅነት ይልቅ የገንዘብ ነው፤ የስቴት በጀት ሲሳሳ በሩ ለከፋይ ይሰፋል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖረው ሐበሻ ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ የሜሪላንድ ነው፤ የአሌክሳንድሪያው ደግሞ የቨርጂኒያ ስለሆነ፣ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ቦታ ለስቴቱ ልጆች በሚሰጠው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀማል። የዋሽንግተን ዲሲው ልጅ ግን ስቴት የለውም። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ኮሌጅ ፓርክ በሜትሮ ጥቂት ፌርማታ ቢሆንም እዚያ እንደ ውጭ ሰው ይቆጠራል። ኮንግረስ በ1999 ለዲሲ ልጆች የክፍያ ልዩነቱን የሚያቃልል ድጎማ አቋቋመ፤ ሲጀምር በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ነበር። ድጎማው ክፍያውን ያቃልላል እንጂ የመግቢያ ዕድሉን አይጨምርም።

አድራሻ መቀየርስ? አጎት ቤት ደብዳቤ ማስላክ አይበቃም። በአብዛኛው ስቴት የሚጠየቀው ቢያንስ 12 ወር የኖረ እውነተኛ ነዋሪነት ነው፤ ልጁ በወላጆቹ የሚተዳደር ከሆነ ደግሞ የሚታየው የእነሱ ግብር፣ መንጃ ፈቃድና መኖሪያ ነው። የኮኔቲከት ስቴት ከውጭ ሆኖ ያመለከተን ተማሪ እስኪመረቅ ድረስ የውጭ ሰው ይል ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1973 ይህን ሻረ፤ እውነተኛ ነዋሪነትን የመጠየቅ መብቱን ግን ለስቴቶች አጸና።

ስለዚህ ቤት ለመቀየር ያሰባችሁ ወላጆች ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪገባ አትጠብቁ። ዩኒቨርሲቲውንም የስቴቱን ልጆች ስንት በመቶ፣ የሌሎቹን ስንት በመቶ እንደሚቀበል ለይቶ እንዲነግራችሁ ጠይቁ።