ያለን ድምፅ ብቻ ነው

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ እንደነበርኩ የሰማ ሰው ሁሉ ማማው ላይ ተቀምጠን አውሮፕላኑን የምንነዳው ይመስለዋል። አይደለም። መሪው አብራሪው እጅ ነው። አውሮፕላን ከተሰጠው መስመር ሲወጣ እናያለን፣ እንናገራለን፤ ከዚያ የዘለለ አቅም የለንም። ይህን ለሰው ማስረዳት ስፈልግ ሁልጊዜ የማነሳው የቤይሩቱን ሌሊት ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ መስመሩ ልበል። ከመንደርደሪያ የተነሳ አውሮፕላን ወዳሻው አይሄድም። እስከዚህ ከፍታ ቀጥ ብለህ ውጣ፣ እዚህ ነጥብ ላይ ታጠፍ የሚል በካርታ የታተመ የመነሻ መስመር አለው። መስመሩ ሲነደፍ መጀመሪያ የሚታሰበው ተራራ ነው። በተለመደው ስሌት አውሮፕላኑ 1,000 ሜትር ወደፊት በሄደ ቁጥር ቢያንስ 33 ሜትር ከፍ ማለት አለበት፤ ተራራው ከቀረበ ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠየቃል። ቦሌን ውሰዱ። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ጭነት የበዛበት አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም ርቀት ይንደረደራል፣ ከተነሳም በኋላ መውጣቱ ይከብደዋል። በሰሜን በኩል ደግሞ እንጦጦ አለ። ከተራራው ቀጥሎ ሌሎች አውሮፕላኖች ይታሰባሉ። በራዳር ስንሠራ በሁለት አውሮፕላኖች መካከል በጎን 3 ወይም 5 የባሕር ማይል፣ አለዚያም በከፍታ 1,000 ጫማ እናስጠብቃለን። በደቂቃ ከ4 የባሕር ማይል በላይ ለሚጓዝ ጄት ይህ ክፍተት የአንድ ደቂቃ ነገር ነው።

ተቆጣጣሪው አንዳንዴ በታተመው መስመር ፋንታ «ሄዲንግ» ይሰጣል፤ በዲግሪ የሚነገር አቅጣጫ ነው፣ 270 ምዕራብ ማለት ነው። ሬዲዮው ላይ የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ሲሆን ቁጥሩ አንድ በአንድ ይጠራል፤ «ቱ ሰቨን ዜሮ»። አብራሪው የሰማውን ደግሞ መናገር አለበት፤ ሪድባክ ይባላል። ሪድባኩ ልክ ስለሆነ ብቻ ግን ዓይናችንን ከራዳሩ አናነሳም። አንቴናው አንድ ዙር ለመዞር ጥቂት ሰከንድ ስለሚወስድበት አውሮፕላኑን የምታሳየው ነጥብ የምትሄደው እየዘለለች ነው። አጠገቧ የበረራው መጠሪያ፣ ከፍታውና ፍጥነቱ ተጽፏል። አውሮፕላኑ መታጠፍ መጀመሩ የሚገባን ከሁለት ከሦስት ዝላይ በኋላ ነው። ክንፉ ምን ያህል እንዳዘነበለ፣ ኮክፒት ውስጥ የትኛው ማስጠንቀቂያ እየጮኸ እንደሆነ አይታየንም።

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ በቤይሩት ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ37 ገደማ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 409 ወደ አዲስ አበባ ተነሳ። ቦይንግ 737-800 ነበር፤ 90 ሰዎች ተሳፍረውበታል። ከቤይሩት በስተምሥራቅ ያለው ተራራ ስለሆነ መውጫው በባሕሩ በኩል ነው፤ በዚያ ሌሊት ደግሞ አካባቢውን ነጎድጓዳማ ደመና ይዞታል። ተቆጣጣሪው ወደ ቀኝ 315 ሰጠ። ተቀበሉ። አውሮፕላኑ 315ን አልፎ መታጠፉን ቀጠለ። አሁኑኑ ወደ ግራ፣ 270 ተባሉ። ይህንንም ተቀበሉ፤ ቁጥሩም መሣሪያው ላይ በትክክል ገብቶ ነበር። አውሮፕላኑ ግን 270ንም አለፈ። ተቆጣጣሪው ወደ ቀኝ ተመለሱ፣ 270 እያለ ደጋገመ፤ መልስ ይመጣለት ነበር፣ ነጥቧ ግን ወደ ደቡብ ትሄዳለች። ከዚያ ከራዳሩ ጠፋች። አየር ላይ የቆዩት 4 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። አንድም ሰው አልተረፈም።

የሊባኖስ መርማሪዎች ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጡት ሪፖርት አብራሪዎቹ ፍጥነቱን፣ ከፍታውንና አቅጣጫውን በአግባቡ አልያዙም፣ ከመስመር መውጣታቸውንም እርስ በርስ አልተነጋገሩም አሉ። አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልተቀበለም፤ አውሮፕላኑ አየር ላይ በፍንዳታ ተበትኗል ሲል ተከራከረ። የእኔን ልብ የያዘው ግን ያ «እርስ በርስ አልተነጋገሩም» የሚለው ነው።

ይህን ሳነሳ «የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፣ ታላቁን ተሳስተሃል አይልም» የሚሉኝ አሉ። ይሉኝታችን እውነት ነው፤ በሽታው የእኛ ብቻ ነው መባሉን ግን አልቀበልም። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴነሪፍ ደሴት ሁለት ጃምቦ ጄቶች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲሞቱ፣ የኔዘርላንዱ አውሮፕላን ዋና አብራሪ የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀምሮ ነበር። የበረራ መሐንዲሱ ያኛው አውሮፕላን ከመንደርደሪያው አልወጣም እንዴ ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ ወጥቷል አለው፤ መሐንዲሱም ዝም አለ። ረዳት አብራሪ አለቃውን እንዲያርም፣ አለቃውም እንዲሰማ ዛሬ በየአየር መንገዱ የሚሰጠው ሥልጠና እንዲህ ባሉ አደጋዎች የመጣ ነው።

ዛሬ ማማ ላይ ለምትወጡ፣ በኮክፒትም የረዳት አብራሪውን የቀኝ ወንበር ለምትይዙ ወጣቶች የምለው ይህን ነው። የተሰጠው ቁጥርና የምታዩት ቁጥር ካልገጠመ ሦስተኛውን ዝላይ አትጠብቁ። በግራ የተቀመጠው ሰው አባታችሁ የሚያህል ቢሆንም ጮክ ብላችሁ ንገሩት።